ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር
የሴት ድምፃውያን ታሪክ ከሂሳብ መዝገብ አንጻር



ባለፈው ዓመት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉትን የአባላት ቅጾች ስናድስ አንድ ነገር አስገረመን። የቡራዩ ቡድን አባል የሆነች አንዲት እህታችን «የገቢ ምንጭ» በሚለው ቦታ ላይ «እንጀራ መሸጥ» ብላ ሞልታለች። የቁጠባ ደብተሯ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ከወር ወር ሁለት መቶ ብር የምታስቀምጥ ሴት ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው ጊዜ ዘጠኝ መቶ፣ አንዳንዴም ሺህ ብር ታስገባለች። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ከፍ ይላል። ክረምት ሲገባ ወደ ሁለት መቶው ይመለሳል። እንጀራ ዓመቱን ሙሉ ይበላል፤ ታዲያ በሰርግ ወር ብቻ የሚጨምር የእንጀራ ገበያ ምን ዓይነት ነው?

ጠየቅናት። አንገቷን ደፍታ «በሰርግ እዘፍናለሁ» አለችን። በአማርኛም በኦሮምኛም ትዘፍናለች፤ ሰበታ ድረስ ይጠሯታል። «ታዲያ ለምን አላስመዘገብሽም?» ስንላት «ዘፋኝ ተብዬ ልጻፍ እንዴ? ነገ ብድር ብጠይቅ ማን ያምነኛል?» ብላ መለሰችልን።

እንደፈራችውም ሆነ። በኋላ ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን መግዣ አሥራ ስምንት ሺህ ብር ብድር ስትጠይቅ ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ከሱሉልታ የመጡ እናታችን «ልጆቼ፣ ዘፈን እኮ ደስታ ነው እንጂ ሥራ አይደለም» አሉ። ሌሎቻችን ደግሞ ገንዘቡ በደብተሩ ላይ ይታያል ብለን ተከራከርን። ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ተላለፈ። እኛም የሂሳብ መዝገብ የያዝነው ሰዎች ከጉባኤው በፊት አንድ ነገር ለመጻፍ ቃል ገባን። ይህ ጽሑፍ ያ ነው። የሴት ድምፃውያንን ታሪክ ሌሎች በዜማና በግጥም በኩል ጽፈውታል፤ እኛ የምናውቀው ገቢና ወጪ ስለሆነ በዚያ በኩል እናየዋለን።

ሥራው ሲወደድ ሠሪዋ ስትናቅ

በአገራችን ሙዚቃና ሴት የተለያዩበት ዘመን የለም። ልጅ ሲወለድ፣ ሙሽራ ስትዳር፣ ሰው ሲሞት ግጥም የምታወጣው ሴት ናት። በእኛ አካባቢ ያሉ የኦሮሞ እናቶች በሲንቄያቸው ተሰልፈው ሲያዜሙ፣ የአማራ አልቃሽ ሴቶች ሙሾ ሲያወርዱ አድገናል። በቤተ መንግሥትም ቢሆን እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል። ክፍያ እስካልተጠየቀ ድረስ ማንም ነውር ነው አላለም።

ነውሩ የመጣው ገንዘብ ሲነካ ነው። ለገንዘብ የሚጫወት ሰው «አዝማሪ» ተባለ፤ ቃሉም ከሙያ መጠሪያነት አልፎ ስድብ ሆነ። ሴት ስትሆን ደግሞ ስድቡ ይብሳል፤ መጠጥ ቤትና መድረክ አንድ ላይ ይቆጠራሉና። በአዲስ አበባ የቴአትር መድረክ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች የነበሩትም ለዚህ ነው። ቤተሰብ ልጁን መድረክ ላይ ከሚያይ ሞቷን ይመርጥ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አስናቀች ወርቁ ይህን ግድግዳ ከነቀነቁት ሴቶች አንዷ ናት። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋናዮች ትቆጠራለች፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ለረጅም ዓመታት ሠርታለች። ከተዋናይነቷ ይልቅ ብዙዎቻችን የምናስታውሳት ክራሯን አቅፋ ስትጫወት ነው። ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ ጋር በግጥም ሲወራረፉ፣ እሱ ሲወጋት እሷ ስትመልስለት ያላየ ያላደነቀ የለም። ከእሷ ጋር ሜሪ አርምዴም ክራር ይዛ የወጣች ሴት ናት። እነዚህ ሴቶች የሌላ ሰው ግጥም ተቀብለው የሚያዜሙ ብቻ አልነበሩም። መሣሪያውም ግጥሙም መልሱም የራሳቸው ነበር። በሂሳብ ቋንቋ ንብረቱ የእነሱ ነበር ማለት ነው።

ንብረቱ የእነሱ ቢሆንም መዝገቡ በእጃቸው አልነበረም። የክራር ተጫዋች ገቢ ሽልማት ነው። ጨዋታው የጣመው ሰው ተነስቶ ብር ግንባር ላይ ይለጥፋል። ሁላችንም በሰርግ ያየነው፣ ምናልባትም የለጠፍነው ነው። ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር ደረሰኝ የለውም፣ ውል የለውም፣ ጡረታ የለውም። ሌሊቱ ሲያልፍ ያልፋል። አስናቀች መስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጤናዋን አጥታ አልጋ ላይ ውላ ነበር። የክራር ሥራዎቿ በሸክላ የተቀረጹት ቀደም ሲል ነው፤ በፈረንሳይ አገር በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 16ኛ ቅጽ ሆነው እንደገና ሲወጡ 2003 እ.ኤ.አ. ሆኖ ነበር። ዓለም ሲያጨበጭብላት እሷ አርጅታለች።

የወር ደመወዝተኛ ድምፆች

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ለሴቶች አንድ ትልቅ ነገር ሰጠ፤ ደመወዝ። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራዎች፣ የአገር ፍቅርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትሮች ድምፃውያንን ይቀጥሩ ነበር። ብዙነሽ በቀለ በክቡር ዘበኛ፣ ሒሩት በቀለ በፖሊስ ኦርኬስትራ ስማቸውን የተከሉት በዚያ ጊዜ ነው። የብዙነሽን ድምፅ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር የሰማ ሰው አገሩ ሁሉ ስለምን እንደወደዳት አይጠይቅም። ሒሩት በኋላ ፊቷን ወደ መዝሙር መለሰች፤ በሁለቱም በኩል የሚወዷት አሉ።

ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ በየወሩ መጨረሻ አባላት በተመሳሳይ ቀን ተመሳሳይ ገንዘብ ይዘው ሲመጡ ምን ያህል እንቅልፍ እንደሚሰጥ እናውቃለን። አንዲት ሴት «የት ትሠሪያለሽ?» ስትባል የመሥሪያ ቤት ስም መጥራት መቻሏ ከስድቡ ግማሹን ያነሳላታል።

ነገር ግን ደመወዝተኛ ስለሆነች ድምፁ የመሥሪያ ቤቱ ሆነ። ግጥሙንና ዜማውን በአብዛኛው ወንዶች ይጽፉታል፤ በፍቅር የተጎዳች ሴት ምን እንደምትል የሚወስኑት እነሱ ነበሩ። ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ውጭ ሌላ ቦታ ተጫውቶ ገቢ ማግኘትም በቀላሉ አይቻልም ነበር። ዘፈኑ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር ለዘፋኟ የሚቆጠር ሳንቲም የለም። አሥር ጊዜም ይሰማ ሺህ ጊዜ የወሩ ደመወዝ ያው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሩቅ አገር አንዴ እንሻገር። በዚያው ዘመን ሌላ ሕዝብ በአንዲት ሴት ድምፅ ይጽናና ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ መዝመት የጀመሩት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ለእረፍት የሚሄዱት ወደ ጃፓን ነበር፤ የጃፓን ትዝታም ይዘው ተመለሱ። ጥላሁን ገሠሠ ስለ አንዲት ጃፓናዊት የዘፈነውም ያን ጊዜ የሚያስታውስ ነው። የጃፓን ሙዚቃ ለእኛ ጆሮ ባዕድ አይሆንም፤ እንደ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አምስት ድምፅ ባላቸው ቅኝቶች የተሞላ ነውና። በዚያ አገር ሚሶራ ሂባሪ የምትባል ሴት በልጅነቷ መድረክ ላይ ወጥታ ከጦርነት ለወጣ ሕዝብ ዘፈነች። በ1989 እ.ኤ.አ. በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ስትሞት መንግሥት ለሕዝብ ባለውለታዎች የሚሰጠውን የክብር ሽልማት ሰጣት፤ ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የቀረጸቻቸው ዘፈኖች ከሺህ በላይ መሆናቸው ተቆጥሮ ተመዝግቧል። የእኛዋ ብዙነሽ ስንት ዘፈን እንደዘፈነች በአንድ መዝገብ ቆጥሮ ያስቀመጠልን ማን ነው? ልዩነቱ በድምፅ አይመስለንም፤ በመዝገብ ነው።

ሸክላ፣ ካሴትና ስደት

በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሸክላ ነጋዴ በ1969 እ.ኤ.አ. ይህን ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። ድምፃውያን ከመሥሪያ ቤት ውጭ መከፈል የጀመሩበት በር ይህ ነው። በሩ ብዙ ሳይከፈት አብዮቱ መጣ፤ ለዓመታት የቆየው ሰዓት እላፊም የምሽት ቤቶችን አጨለመ።

ከሸክላ ቀጥሎ ካሴት መጣ። ካሴት ለድምፃውያን በረከትም መርገምም ነበር። በረከቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሱሉልታ ገበያ፣ ጫንጮ፣ ፍቼ ድረስ መድረሱ ነው። መርገሙ ማንም ሰው በሁለት ማጫወቻ ገልብጦ መሸጥ መቻሉ ነው። አሳታሚው ለዘፋኟ አንዴ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ካሴቱ መቶ ይሸጥ መቶ ሺህ እሷን አይመለከታትም። ኩኩ ሰብስቤና ሐመልማል አባተ የተነሡት በዚህ ገበያ መካከል ነው።

አስቴር አወቀም በዚህ መንገድ አልፋለች። ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገችው አስቴር በአገር ፍቅር ጀምራ ከተለያዩ ባንዶች ጋር ሠራች፤ ካሴቶቿም ተወደዱ። በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሄደች። ዋሽንግተን ውስጥ በአበሻ ምግብ ቤቶች ለስደተኛ ወገኖቿ ስትዘፍን ቆይታ በ1989 እ.ኤ.አ. ሎንደን ውስጥ በስሟ የተጠራው አልበም ወጣ፤ በ1991 «ካቡ» በትልቁ የአሜሪካ አሳታሚ በኮሎምቢያ ታተመ። ከኋላ የመጡት አልበሞቿ ደግሞ «ካቡ ሪከርድስ» በሚል ስም ወጡ። በዚህ ታሪክ የሚያስቀናን የባሕር ማዶው ዝና ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ሥራው ውል አለው፤ በሽፋኑ ላይ ዘፋኟም የግጥሙና የዜማው ባለቤትም በስማቸው ተጽፈዋል። ብዙዎቹን ግጥሞችና ዜማዎች የደረሰችው እሷው ናት።

ከእሷ በኋላ የመጣችው የቻግኒዋ እጅጋየሁ ሽባባው፣ እኛ ጂጂ የምንላት፣ ቤተሰብ ዘፋኝነትን አልወድ ብሎ በናይሮቢ በኩል ተሰደደች። በ2001 እ.ኤ.አ. በስሟ በወጣው አልበም ላይ እንደ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ያሉ የጃዝ አውራዎች አብረዋት ተጫወቱ። ስለ አድዋ ያዜመችውን ዛሬ በየካቲት ወር የማይከፍት ትምህርት ቤት የለም። ልብ በሉ፤ ሁለቱም የሥራቸው ባለቤት የሆኑት ከአገር ከወጡ በኋላ ነው። ይህ ለእኛ የኩራትም የሐዘንም ታሪክ ነው።

ሂሳቡን ለሌላ የከፈተች እናት

ቀጥለን የምናነሣቸው እናት ዘፋኝ አይደሉም። ስማቸውን ከዘፋኝ ጋር ማንሣታችን ቅር የሚለው አባል ካለ ይቅርታ እንጠይቃለን። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ እህታቸው ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ስንዱ ገብሩ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በጠላት ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ኢጣሊያ ታስረው ተወሰዱ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ ቫዮሊኒስት ዘንድ ተማሩ። ለንደን ሄዶ የመማር ዕድላቸው ሳይሳካ ሲቀር ግን ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ፤ መነኮሱ።

በኋላ ጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚሄዱበት መንገድ የቆሎ ተማሪዎች በደጅ ተኝተው ያያሉ። ልጆቹ ከሩቅ አገር ለትምህርት የመጡ፣ ማደሪያ የሌላቸው ናቸው። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ሙዚቃ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን አስቀረጹ፤ የሸክላው ገቢ ለችግረኛ ልጆች እንዲውል አደረጉ። በ1984 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ገብተው በዚያው ገዳም ኖሩ፤ መጋቢት 2015 ዓ.ም. በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ።

ያቺ የሱሉልታ እናታችን ይህን ስናነብላቸው ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ «እሳቸውማ ሥራ ሠርተዋል» አሉ። እኛም ምንም አልጨመርንም።

ሌላው ሰው የያዘው ቁልፍ

ቀጣዩ ታሪክ አዲስ ነው፤ ደጋፊዎቻችንም እንዲያነቡት እንፈልጋለን። በ2005 ዓ.ም. «የኛ» በሚል ስም አምስት ወጣት ሴቶች ተሰባስበው የሬዲዮ ድራማና ሙዚቃ ጀመሩ። ስለ ሴት ልጅ ትምህርት፣ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ ስለ ጥቃት ዘፈኑ። ልጆቻችን ዘፈኖቹን በቃላቸው ይዘዋቸዋል። «ጣይቱ» በሚለው ሥራቸው ላይ አስቴር አወቀም አብራቸው ዘፍናለች። ሥራው በእንግሊዝ መንግሥት የእርዳታ ገንዘብ ይደገፍ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጋዜጦች «ግብር ከፋዩ ለዘፋኞች ይከፍላል» የሚል ዘመቻ ካካሄዱ በኋላ ድጋፉ ቆመ። ሥራው በሌላ መልክ ቢቀጥልም ውሳኔው የተወሰነው ሎንደን ነው፤ ስለ ልጆቹ ጉብዝና የተነሣ ጥያቄ አልነበረም።

ይህን የምንጽፈው ደጋፊዎቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ የእናንተ ድጋፍ ባይኖር የሰበታው የልብስ ስፌት ቡድን ባልተቋቋመ ነበር። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሱሉልታ እናታችን አንደበት የሰማነውን ሐሳብ ያደገ አገር ጋዜጣም ጽፎታል። ሙዚቃ ሥራ አይደለም የሚለው ንቀት የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ ሴት ስትሆን ደግሞ ለመናቅ ይፈጥናሉ።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ አባላት የማያውቁት አንድ ሕግ አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥምና ዜማ ደራሲ ብቻ ሳይሆን ለምትዘፍነውም ሴት መብት ይሰጣል። ሕጉ እሷን «ከዋኝ» ይላታል። ያለ ፈቃዷ ድምፅዋን መቅረጽና የተቀረጸውን ማባዛት አይቻልም፤ ጥበቃውም ለሃምሳ ዓመት ይቆያል። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ማሻሻያ ሲደረግ ደግሞ ሮያሊቲ በጋራ የሚሰበሰብበት መንገድ ተከፈተ። እንግዲህ መንግሥት በነጋሪት ጋዜጣ ሥራ ነው ብሎ ያወጀውን እኛ በኮሚቴ ሥራ አይደለም ልንል ነው ማለት ነው።

ሕግ ግን ወረቀት ላይ ስም ለሌላት ሴት አይደርስላትም። የቡራዩዋ እህታችን ባለፈው ጥር የዘፈነችበት ሰርግ በቪዲዮ ተቀርጾ በየስልኩ ሲዞር አይተናል። የሙሽሮቹ ስም ተጽፏል። የካሜራ ባለሙያው ስምና ስልክ ቁጥር ተጽፏል። የእሷ ስም የለም። ራሷም በእኛ ቅጽ ላይ አልጻፈችውም።

ለጉባኤው

ከአስናቀች ክራር እስከ «የኛ» ድረስ ያለውን ስንደምር የሚወጣው ድምር አንድ ነው። ድምፁ ሁልጊዜ የሴቶቹ ነበር፤ መዝገቡ ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው እጅ ነበር። ገንዘቡም የሄደው መዝገቡ ወደነበረበት ነው። እኛ ደግሞ የተቋቋምነው ሴቶች የራሳቸውን መዝገብ እንዲይዙ ነው።

ስለዚህ የሂሳብ ክፍሉ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ ያቀርባል። አንደኛ፣ በአባልነት ቅጹ ላይ «ዋና ሥራ» እና «ተጨማሪ ሥራ» የሚሉ ሁለት ቦታዎች ይኑሩ፤ ዘፈን፣ እስክስታ፣ ሹሩባ፣ የቡና ማፍላት አገልግሎት ሁሉ በስሙ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ለሰርግ ለሚጠሩ አባላት የአንድ ገጽ ውል እናዘጋጅላቸው፤ የክፍያው መጠን፣ ቀኑና የቀረጻው ፈቃድ ይኑርበት። ሦስተኛ፣ የብድር ጥያቄ በሥራው ስም ሳይሆን በቁጠባ ደብተሩ ይመዘን።

ስለ እህታችን ብድር የሚወስነው ጉባኤው ነው። እኛ የምንመሰክረው ቁጥሩን ብቻ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ወር ቁጠባዋን አላቋረጠችም። የዛሬ ወር ደግሞ ቅጿን ሊያስተካክሉላት ሲሉ እስክሪብቶውን ተቀብላ ራሷ ጻፈችው። «እንጀራ መሸጥ» የሚለውን አልሰረዘችም። ከአጠገቡ «እና ድምፃዊት» ብላ ጨመረችበት።

ከሂሳብ ክፍል